በኦዱ የዋጋ ደንብ እንዴት ይወጣል፣ እንዴትስ ይስተካከላል?

"ቅናሹን አስገብቻለሁ፣ ግን አይሠራም።" ኦዱ በሚባለው የሽያጭና የሒሳብ ሶፍትዌር ከሚሠሩ ሰዎች ይህን አቤቱታ ሳልሰማ የሚያልፍ ሳምንት የለም። አንዳንዴ ተቃራኒው ይመጣል። ቅናሹ ለሁሉም ደንበኛ ይሠራና ማታ ሒሳብ ሲዘጋ ጉድ ይፈላል። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የሶፍትዌሩ አይደለም። ኦዱ ለአንድ የሽያጭ መስመር፣ ማለትም ሽያጩ ላይ ለተጻፈ አንድ ዕቃ፣ አንድ ደንብ ብቻ ነው የሚወስደው። የቱን እንደሚወስድ ሳናውቅ ግን ደንብ ላይ ደንብ እንከምራለን።

መመሪያው ለኦዱ ስሪት 16 እና 17 ነው። 18 ላይ የተለወጠውን በየቦታው እጠቁማለሁ። የቁልፎቹን ስም ስክሪኑ ላይ በምታዩት አነባበብ ጽፌዋለሁ። ምሳሌያችን አንድ የጽሕፈት መሣሪያ መደብር ነው፤ ደብተር፣ እስክሪብቶ፣ ካልኩሌተርና ፎቶ ኮፒ ወረቀት ይሸጣል። ለመንገደኛው በችርቻሮ፣ ለባለ ሱቁ በጅምላ፣ ለትምህርት ቤት ደግሞ በስምምነት ዋጋ። የምጠቅሳቸው ዋጋዎች ለማስረዳት ያህል ናቸው።

ከመጀመራችሁ በፊት

ኮምፒውተሩን ለጊዜው ተዉትና ወረቀት አውጡ። እነዚህን አምስት ነገሮች ጻፉ።

1. ማን በምን ዋጋ ይገዛል? የደንበኛ ዓይነቶቻችሁን ቁጠሩ። ሦስት ከሆኑ ሦስት የዋጋ ዝርዝር (ደንቦቹ የሚቀመጡበት) ይበቃል። ለእያንዳንዱ ደንበኛ የራሱን ዝርዝር የሚከፍት ሰው አለ። በስድስት ወር ውስጥ የትኛው የማን እንደሆነ ራሱም ይጠፋበታል።

2. የዕቃው መለኪያ ምንድን ነው? ወረቀቱ ሲስተሙ ላይ የተመዘገበው በደስጣ ነው ወይስ በካርቶን? እያንዳንዱን ዕቃ ከፍታችሁ "ዩኒት ኦፍ ሜዠር" የሚለውን እዩ። እኔን ራሴን ያቃጠለኝ ይህ ነው፤ ወደ በኋላ እነግራችኋለሁ።

3. ዋጋው ቫት አለበት ወይስ የለበትም? መደርደሪያው ላይ 1,150 ብር የተለጠፈበት ካልኩሌተር 15 በመቶ ቫት ያለበት ከሆነ ያለ ቫት ዋጋው 1,000 ብር ነው። ለ1.15 አካፍሉ። 15 በመቶ ቀንሳችሁ 977 ብር ከ50 ሳንቲም ካላችሁ በእያንዳንዱ ካልኩሌተር 22 ብር ከ50 ሳንቲም ጥላችኋል። ቀጥሎ ታክሱን ከፍታችሁ "ኢንክሉድድ ኢን ፕራይስ" ምልክት እንደተደረገበት እዩ። ምልክቱ ከሌለ ደንቡ ውስጥ የምትጽፉት ዋጋ ያለ ቫት መሆን አለበት። 1,150 ብላችሁ ብትጽፉ ሲስተሙ ቫት ይጨምርበትና ደንበኛው 1,322 ብር ከ50 ሳንቲም ይጠየቃል።

4. የዕቃው ወጪ ተሞልቷል? ዋጋውን ከገዛችሁበት ዋጋ ተነሥታችሁ የምታሰሉ ከሆነ "ኮስት" የሚለው ሳጥን ባዶ መሆን የለበትም። ኮስቱ 0 የሆነ ዕቃ የሽያጭ ዋጋውም 0 ይወጣል።

5. መብት አላችሁ? የዋጋ ዝርዝር ለመፍጠርና ለመለወጥ "ሴልስ" ላይ የ"አድሚኒስትሬተር" ደረጃ ያስፈልጋል። ተራ ሻጭ ያያል እንጂ አይነካም። ለሁሉም አትክፈቱት። አንድ ሰው ይያዘው።

ደረጃ 1፦ ባሕሪውን ክፈቱ

"ሴልስ" ውስጥ ግቡ። "ኮንፊገሬሽን"፣ ከዚያ "ሴቲንግስ"። ወደ "ፕራይሲንግ" ውረዱና "ፕራይስሊስትስ" ላይ ምልክት አድርጉ። ከሥሩ ሁለት ምርጫ ይመጣል። "አድቫንስድ ፕራይስ ሩልስ" የሚለውን ምረጡ። ሌላኛው ቋሚ ዋጋ ብቻ ነው የሚፈቅደው፤ በመቶኛም በቀመርም አያሠራችሁም። "ሴቭ" በሉ። 18 ላይ ምርጫው የለም፤ ምልክቱን ማድረግ ብቻ ይበቃል።

ማስጠንቀቂያ፦ አንዴ ሥራ ከጀመራችሁ በኋላ ይህን ምልክት "እስኪ ምን ይሆናል" ብላችሁ አታንሡት። የሚሠሩት የዋጋ ዝርዝሮች በሙሉ ወደ ማኅደር ይገባሉ። ሲስተሙ ያስጠነቅቃል፤ ግን ሳያነብ "ኦኬ" የማይል ማን አለ?

ደረጃ 2፦ የዋጋ ዝርዝሮቹን ፍጠሩ

1. "ሴልስ"፣ "ፕሮዳክትስ"፣ "ፕራይስሊስትስ" ክፈቱ። አንድ ዝርዝር ቀድሞ ተፈጥሮ ታገኛላችሁ።
2. እሱን ከፍታችሁ ስሙን "ችርቻሮ" በሉት። ገንዘቡ ብር መሆኑን እዩ። አንድ ዝርዝር አንድ ዓይነት ገንዘብ ብቻ ነው የሚይዘው።
3. "ኒው" ብላችሁ "ጅምላ" የሚል ፍጠሩ። ከዚያ "ትምህርት ቤት" የሚል።
4. ወደ ዝርዝሮቹ ተመለሱና ቅደም ተከተላቸውን እዩ። "ችርቻሮ" ከላይ መሆን አለበት። ካልሆነ በመዳፊት ጎትታችሁ አውጡት።

አራተኛውን ተራ ነገር አድርጋችሁ አትለፉት። የራሱ ዋጋ ዝርዝር ያልተሰጠው ደንበኛ፣ ለአገሩ ተለይቶ የተመደበ ዝርዝርም ከሌለ፣ ከላይ የተቀመጠውን ዝርዝር ነው የሚወስደው። አንድ ሰው ለማየት እንዲመቸው ብሎ "ጅምላ"ን ወደ ላይ ቢጎትት አዲስ የሚገባ መንገደኛ ሁሉ በጅምላ ዋጋ ይገዛል።

ደረጃ 3፦ የመጀመሪያውን ደንብ አስገቡ

"ጅምላ"ን ክፈቱ። "ፕራይስ ሩልስ" ከሚለው ሥር "አድ ኤ ላይን" ተጫኑ። የሚከፈተው ቅጽ አራት ነገር ይጠይቃችኋል፤ ስሌቱን፣ ለምን ዕቃ እንደሆነ፣ ከስንት ብዛት ጀምሮ እንደሆነና ከመቼ እስከ መቼ እንደሆነ። ስሌቱ ሦስት ዓይነት ነው።

*ቋሚ ዋጋ ("ፊክስድ ፕራይስ")።* አንድ ቁጥር ትጽፋላችሁ፣ አለቀ። ለትምህርት ቤት ስምምነት ጥሩ ነው። ችግሩ የገበያው ዋጋ ሲወጣ ይህ ባለበት ይቆማል። አስታዋሽ ከሌላችሁ ዓመት ሙሉ በአምና ዋጋ ትሸጣላችሁ።

*ቅናሽ ("ዲስካውንት")።* ከዕቃው መደበኛ ዋጋ ላይ በመቶኛ ይቀንሳል። ለመጀመሪያ ደንባችሁ ይህን ምረጡ፤ ቀላል ነው።

*ቀመር ("ፎርሙላ")።* ኃይለኛው ይህ ነው። ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ነው። ስለዚህ ቆም እንበል።

ደረጃ 4፦ ቀመሩን በትክክል ሙሉ

መጀመሪያ "ቤዝድ ኦን" የሚለው ላይ መነሻችሁን ምረጡ። የሽያጭ ዋጋ፣ ኮስት ወይም ሌላ የዋጋ ዝርዝር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ዕቃ የሚያስመጡ ብዙዎች ኮስትን መነሻ ማድረግ ይመርጣሉ። ዕቃው በገባ ቁጥር ዋጋው አብሮ ይስተካከልላቸዋል። ነገር ግን ወጪያችሁን በአማካይ የምታሰሉ ከሆነ አዲስ ጭነት መጋዘን በገባ ቅጽበት ኮስቱ ይለወጣል፣ የሽያጭ ዋጋውም ማንም ሳይጠይቃችሁ አብሮ ይሄዳል። ጠዋት የነገራችሁት ዋጋ ከሰዓት ሌላ ሊሆን ይችላል።

ቀጥሎ ጭማሪው። 16 እና 17 ላይ ቀመሩ ያለው ሳጥን "ዲስካውንት" ነው። ትርፍ ለመጨመር የመቀነስ ምልክት ታስገባላችሁ። በኮስት ላይ 25 በመቶ ለመጨመር −25 ብላችሁ ጻፉ። ምልክቷን ከረሳችሁ 800 ብር የገዛችሁት ካልኩሌተር በ1,000 መሸጡ ቀርቶ በ600 ይሸጣል። 18 ላይ ኮስትን ስትመርጡ "ማርክአፕ" የሚል ሳጥን ስለሚመጣ ይህ ራስ ምታት ቀርቷል፤ እዚያ 25 ብቻ ጻፉ።

የትርፍ መቶኛው ራሱ ያጣላል። አለቃችሁ "ከሽያጩ 20 በመቶ ትርፍ እፈልጋለሁ" ሲሏችሁ −20 አትጻፉ። በ800 ላይ 20 በመቶ ጨምራችሁ በ960 ብትሸጡ ትርፋችሁ የሽያጩ 16.67 በመቶ ብቻ ነው። 20 በመቶ እንዲሆን 800ን ለ0.8 አካፍሉ። 1,000 ይመጣል። ይህ በኮስት ላይ 25 በመቶ ጭማሪ ነው። በዚሁ መንገድ ከሽያጩ 30 በመቶ ለማትረፍ 42.86 በመቶ መጨመር ይኖርባችኋል።

አሁን ማጠጋጊያው፣ ተጨማሪ ክፍያውና የትርፍ ወሰኑ። ሲስተሙ የሚያሰላው በዚህ ቅደም ተከተል ነው፦

1. ከመነሻው ላይ ይቀንሳል ወይም ይጨምራል።
2. ያጠጋጋል ("ራውንዲንግ")።
3. ተጨማሪውን ይደምራል ("ኤክስትራ ፊ")።
4. ዝቅተኛና ከፍተኛ የትርፍ ወሰኑን ያያል ("ማርጂን")።

በአንድ ፓኬት እስክሪብቶ እንየው። ኮስቱ 83 ብር ነው። −25 ጻፍን፤ 103 ብር ከ75 ሳንቲም ሆነ። ማጠጋጊያውን 10 አደረግን፤ 100 ሆነ። ልብ በሉ፣ የሚያጠጋጋው ወደ ቅርቡ እንጂ ሁልጊዜ ወደ ላይ አይደለም። ዋጋው በ9 እንዲያልቅ ተጨማሪውን −1 አደረግን፤ 99 ሆነ። ዝቅተኛ ትርፍ 20 ብለን ነበር። ሲስተሙ 83 ላይ 20 ደምሮ 103 አገኘ። 99 ከዚያ ስለሚያንስ የመጨረሻው ዋጋ 103 ሆነ። ያቺ ቆንጆ 99 ጠፋች። "ማጠጋጊያው አይሠራም" ብለው የሚመጡ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ የገጠማቸው ይኸው ነው።

የትርፍ ወሰኑ በብር ነው፣ በመቶኛ አይደለም። 10 ብላችሁ ብትጽፉ 10 ብር ማለት ነው።

መነሻችሁ ሌላ የዋጋ ዝርዝር ሲሆን ነገሩ ይቀላል። "ትምህርት ቤት" ከ"ጅምላ" ላይ 3 በመቶ እንዲቀንስ ብታደርጉ ጅምላው ሲወጣና ሲወርድ የትምህርት ቤቱም ይከተላል። ከሁለት እርከን በላይ ግን አታስደግፉ። አንዱ ዝርዝር በሌላው፣ ያም በሌላው ላይ ሲንጠለጠል የዋጋውን ምንጭ መፈለግ ጠላ ቤት እንደጠፋ ጃንጥላ መፈለግ ይሆናል።

ደረጃ 5፦ የሚያሸንፈውን ደንብ እወቁ

ከዚህ ሁሉ አንድ ክፍል ብቻ የምታነቡ ከሆነ ይህን አንብቡ።

ሲስተሙ ደንቦቹን በረድፍ ያሰልፍና ከላይ ወደ ታች ያያል። የመጀመሪያውን የሚስማማ ደንብ ይወስዳል። ከዚያ በታች ያለውን አያይም። ሁለት ቅናሽ አይደምርም። ርካሹንም አይመርጥም። ሰልፉ እንዲህ ነው፦

- መጀመሪያ ለአንድ የተለየ ዓይነት የወጣ ደንብ፣ ለምሳሌ ለሰማያዊ እስክሪብቶ፤
- ቀጥሎ ለዕቃው የወጣ፤
- ቀጥሎ ለምድብ የወጣ፤
- መጨረሻ ለሁሉም ዕቃ የወጣ።

በእኩል ደረጃ ያሉት ደግሞ ከፍተኛ ብዛት የሚጠይቀው ይቀድማል። በብዛትም እኩል ከሆኑ በመጨረሻ የተፈጠረው ይቀድማል።

አሁን በምሳሌ። "ለሁሉም ዕቃ፣ ከ100 ፍሬ ጀምሮ፣ 15 በመቶ ቅናሽ" የሚል ደንብ አለን። "ለወረቀት ምድብ፣ ከ1 ጀምሮ፣ 5 በመቶ" የሚልም አለን። ደንበኛው 200 ደስጣ ወረቀት ገዛ። ስንት ቀነሰለት? 5 በመቶ። የምድብ ደንብ ከሁሉም ዕቃ ደንብ ይቀድማል፤ ብዛቱ እዚህ ላይ አያድንም። 15 በመቶው እንዲደርሰው ከፈለጋችሁ እዚያው የወረቀት ምድብ ላይ "ከ100 ጀምሮ" የሚል ሌላ ደንብ ጨምሩ።

ሌላው የተለመደ ቅሬታ "የምድብ ቅናሹ ደብተሩን ለምን አልነካም?" የሚል ነው። ደብተሩ የራሱ የሆነ የዕቃ ደንብ አለው። ዕቃ ምድብን ይቀድማል። ይኸው ነው።

ይህን ለጥቅማችሁም ልታውሉት ትችላላችሁ። አንድን ዕቃ ከምድብ ቅናሽ ማውጣት ስትፈልጉ ለዚያ ዕቃ ብቻ 0 በመቶ ቅናሽ የሚል ደንብ ጻፉለት። "ከዚህ በስተቀር" የሚል ቁልፍ ኦዱ ውስጥ አትፈልጉ።

የሚስማማ ደንብ ጨርሶ ከሌለ ሲስተሙ ዝም ብሎ የዕቃውን መደበኛ ዋጋ ይወስዳል። ስሕተት አያሳይም። ስለዚህ ባዶ የሆነ "ጅምላ" በችርቻሮ ዋጋ ይሸጣል ማለት ነው።

ደረጃ 6፦ ብዛቱን በትክክለኛው መለኪያ ጻፉ

የተቃጠልኩበትን ልንገራችሁ። ወረቀቱ የተመዘገበው በደስጣ ነበር። አንድ ካርቶን 5 ደስጣ ይይዛል። ባለቤቱ "ከ10 ካርቶን ጀምሮ በጅምላ" አለኝ። "ሚን ኳንቲቲ" ላይ 10 ጻፍኩ። ሳጥኑ የሚያነበው በዕቃው ዋና መለኪያ መሆኑን ዘንግቼ። ሁለት ካርቶን የገዛ ሁሉ የጅምላ ዋጋ ተሰጠው። የታወቀው ማታ ነው። ትክክለኛው ቁጥር 50 ነበር።

ቋሚ ዋጋም እንዲሁ ለዋናው መለኪያ ነው። የካርቶኑን ዋጋ ከጻፋችሁ አንድ ደስጣ በካርቶን ዋጋ ይሸጣል። ደንበኛው ይሮጣል።

ደግሞም ብዛቱ የሚቆጠረው በአንድ መስመር ነው። ሻጩ 30 ደስጣ አንድ መስመር ላይ፣ 20 ደስጣ ሌላ መስመር ላይ ቢያስገባ 50 አይሆንም። ሰማያዊና ቀይ እስክሪብቶም ተደምረው አይቆጠሩም። ለሻጮቻችሁ ይህን ንገሯቸው፤ ደንበኛ ፊት መጨቃጨቁ ይቀራል።

ደረጃ 7፦ ቀንና ሰዓት ያለው ደንብ

የትምህርት መክፈቻ ቅናሽ እናውጣ። ከጳጉሜን 1 ቀን 2018 እስከ መስከረም 20 ቀን 2019። ኦዱ የሚያውቀው የፈረንጁን ቀን ስለሆነ ከሴፕቴምበር 6 እስከ ሴፕቴምበር 30 ቀን 2026 ይሆናል።

1. ደንቡ ውስጥ "ቫሊዲቲ" የሚለውን ሳጥን ሙሉ።
2. መነሻ ሰዓቱን 00:00 አድርጉ።
3. መጨረሻውን ሴፕቴምበር 30፣ 23:59 አድርጉ። ሰዓቱን 00:00 ላይ ብትተዉት ቅናሹ የመጨረሻው ቀን ሲጀምር ያበቃል፤ የመስከረም 20 ደንበኛ ቅር ይለዋል።
4. ስማችሁን ተጭናችሁ "ፕሪፈረንስስ" ውስጥ የሰዓት ሰቁ አዲስ አበባ መሆኑን እዩ።

ሰዓቱን በእኛ አቆጣጠር አትጻፉ። "ከጠዋቱ 2 ሰዓት" ኦዱ ላይ 8:00 ነው። 2:00 ብላችሁ ከጻፋችሁ ቅናሹ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ይጀምራል። የሰዓት ሰቁ ዩቲሲ (ከእኛ 3 ሰዓት ወደ ኋላ ያለው የዓለም መነሻ ሰዓት) ላይ ከቀረ ደግሞ ሁሉም ነገር 3 ሰዓት ይዘገያል። እኩለ ሌሊት ያላችሁት ቅናሽ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ይነሣል፣ ሲያበቃም 3 ሰዓት አሳልፎ ነው።

የአምናውን ደንብ ቀን ገልብጣችሁ ዓመቱን ብቻ አትቀይሩ። መስከረም 1 ቀን 2019 ሴፕቴምበር 11 ላይ ይውላል። ጳጉሜን 6 በምትሆንበት ዓመት ማግሥት ግን፣ ማለትም መስከረም 1 ቀን 2020፣ ሴፕቴምበር 12 ነው።

ደረጃ 8፦ ለደንበኛውና ለካሸሩ ስጡ

የደንበኛውን ገጽ ክፈቱ። "ሴልስ ኤንድ ፐርቼዝ" ውስጥ "ፕራይስሊስት" የሚለው ላይ "ጅምላ" ምረጡ። ደንበኛው ድርጅት ከሆነ ድርጅቱ ላይ አድርጉት፤ ከሥሩ ያሉት ሠራተኞች ይወርሳሉ።

ካሸር ላይ በፖይንት ኦፍ ሴል የምትሸጡ ከሆነ የዚያን ሴቲንግስ ለብቻው ክፈቱ። "ፍሌክሲብል ፕራይስሊስትስ" ላይ ምልክት አድርጉ፣ የሚፈቀዱትን ዝርዝሮች ጨምሩ፣ መነሻው "ችርቻሮ" ይሁን። እዚህ ያልጨመራችሁት ዝርዝር ካሸሩ ጋ አይደርስም። ማሽኑ ላይ የሚቆረጠው ደረሰኝ ከኦዱ ጋር ካልተገናኘ የካሽ ሬጅስተሩንም ዋጋ ለየብቻ መቀየር አትርሱ።

ደረጃ 9፦ ሳትሸጡ ፈትኑ

ሳይቃጠል በቅጠል ነው ነገሩ። ሁለት መንገድ አለ።

*አንደኛ፣ ሪፖርቱ።* የዕቃዎቹን ዝርዝር ክፈቱ፣ የምትፈትኗቸውን ምረጡ፣ ከ"አክሽን" ሥር "ጀነሬት ፕራይስሊስት ሪፖርት" በሉ። ዝርዝሩን ምረጡና ብዛቶችን አስገቡ። ለወረቀታችን 1፣ 49፣ 50። ሁልጊዜ ወሰኑንና ከወሰኑ አንድ የሚያንሰውን ፈትኑ። 49 እና 50 ላይ አንድ ዓይነት ዋጋ ካያችሁ ደንቡ አልተያዘም።

*ሁለተኛ፣ የውሸት ኮቴሽን (የዋጋ ማቅረቢያ)።* "ሙከራ" የሚል ደንበኛ ፍጠሩ፣ "ጅምላ" ስጡት፣ ኮቴሽን ክፈቱ። እያንዳንዱን ዕቃ አስገቡና መጀመሪያ በወረቀት ካሰላችሁት ጋር አስተያዩ። ቫቱን ከታች እዩ። ስትጨርሱ ሰርዙት፤ "ኮንፈርም" እንዳትሉ።

የቆየ ደንብ ስታስተካክሉ

አዲስ ከማውጣት ይልቅ የሚያስፈራው ይህ ነው።

1. ቅጂ ያዙ። ዝርዝሩን መርጣችሁ ከ"አክሽን" "ኤክስፖርት" በሉ። "አይ ዋንት ቱ አፕዴት ዴታ" የሚለው ላይ ምልክት አድርጉ። ፋይሉን የዛሬን ቀን ሰጥታችሁ አስቀምጡ።
2. ትልቅ ለውጥ ከሆነ መጀመሪያ በግልባጭ ላይ ሥሩ። "ዱፕሊኬት" ብላችሁ ስሙን "ጅምላ ሙከራ" አድርጉት፣ ከታች አስቀምጡት። ደንቦቹ አብረው ይገለበጣሉ።
3. ያለውን ደንብ ከፍታችሁ ቁጥሩን ለውጡ። አጥፍታችሁ እንደገና አትፍጠሩ። ለምን? የመጨረሻው የተፈጠረ ያሸንፋል ብለናል። በመክፈቻው ቅናሽ መሃል የቆየውን የደብተር ምድብ ደንብ አጥፍታችሁ ብትፈጥሩት እሱ አዲስ ይሆንና በዚያው ምድብ፣ በእኩል ብዛት የወጣውን የመክፈቻ ቅናሽ ያፍነዋል።
4. በኤክሴል የምታስተካክሉ ከሆነ የአይዲ (የመለያ) ዓምዶቹን አትንኩ። የዝርዝሩ ብቻ ሳይሆን የእያንዳንዱ ደንብ አይዲም መኖሩን እዩ። አይዲው ከሌለ ሲስተሙ የቆየውን አይለውጥም፤ አጠገቡ አዲስ ይፈጥራል። ስታስገቡ መጀመሪያ "ቴስት" ተጫኑ።
5. የማትፈልጉትን ዝርዝር አታጥፉት፣ "አርካይቭ" አድርጉት። የቆየ ሽያጭ በምን ዋጋ እንደሄደ ነገ የሚጠይቅ አይጠፋም።
6. ካሸሩ ሴሽኑን ዘግቶ ይክፈት። የከፈተው ቀድሞ ከሆነ የያዘው የቆየውን ዋጋ ሊሆን ይችላል።

ሳይሆን ሲቀር

*ዋጋው አልተለወጠም።* ኮቴሽኑ ደንቡን ከማስተካከላችሁ በፊት የተከፈተ ነው? የተከፈተ ኮቴሽን በራሱ አይታደስም። የዋጋ ዝርዝሩ አጠገብ የሚመጣውን "አፕዴት ፕራይስስ" ተጫኑ፤ ካልታየ ዝርዝሩን ወደ ሌላ ቀይራችሁ መልሱት። መስመሮቹን በሙሉ እንደሚያድስ እወቁ፤ በእጅ የሰጣችሁት ልዩ ዋጋ አብሮ ይሄዳል። የተረጋገጠ ሽያጭ ግን በቆየው ዋጋ ይቀጥላል፤ መሆንም ያለበት እንደዚያ ነው።

*በእጄ የጻፍኩት ዋጋ ጠፋ።* 16 እና 17 ላይ ብዛቱን ስትቀይሩ ሲስተሙ ዋጋውን እንደገና ያሰላል። መጀመሪያ ብዛት፣ በኋላ ዋጋ ጻፉ።

*ደንበኛው የቀነስንለትን አያይም።* ዝርዝሩን ክፈቱና "ኮንፊገሬሽን" ውስጥ ሁለት ምርጫ አለ፤ ቅናሹ ዋጋው ውስጥ ይደበቅ ወይስ ለብቻው ይታይ የሚል። "ሾው ፐብሊክ ፕራይስ" የሚለውን ምረጡ። 18 ላይ ይህ ምርጫ ተነሥቷል፤ ስሌቱን "ዲስካውንት" ካደረጋችሁት ይታያል፣ በቀመር ወይም በቋሚ ዋጋ ከሆነ አይታይም።

*ዋጋው 0 ወጣ።* ኮስቱን እዩ። ባዶ ነው።

*የማላውቀው ዋጋ ወጣ።* አትደንግጡ፣ ደንቦችንም በዘፈቀደ አታጥፉ። በዚህ ቅደም ተከተል ፈልጉ፦ ኮቴሽኑ ላይ ያለው ዝርዝር የትኛው ነው? በዚያ ዝርዝር ለዚህ ዕቃ የወጣ ደንብ አለ? ከሌለ ለምድቡ? ቀኑ አልፏል? ብዛቱ በየትኛው መለኪያ ነው? አምስቱን ጠይቃችሁ ካልተገኘ ዕቃው የተሳሳተ ምድብ ውስጥ ተመዝግቦ እንደሆነ እዩ። ካልኩሌተር "ወረቀት" ምድብ ውስጥ ገብቶ በዓይኔ አይቻለሁ።

*በስሕተት ዋጋ ተሸጠ።* መጀመሪያ ደንቡን አስተካክሉ፣ ሽያጩ እንዳይቀጥል። ቀጥሎ "ሴልስ" ውስጥ የዕለቱን ትእዛዞች በዋጋ ዝርዝር ለይታችሁ የተነካውን ቁጠሩ። ደረሰኝ ያልተቆረጠለትን ደንበኛ ደውላችሁ አነጋግሩ። የተቆረጠለትን ግን ሲስተሙ ውስጥ ገብታችሁ ቁጥር አትነካኩበት። ለሒሳብ ሠራተኛችሁ ስጡት፤ የሚስተካከለው በክሬዲት ኖት፣ ማለትም የተቆረጠውን ደረሰኝ በሚያስተካክል ሰነድ ነው።